የቆርቆሮ ፈተና፦ ስለ ጎጃም ክረምት ዘፈኖች ጥያቄና መልስ

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ የምወዳቸውን ስምንት ዜማዎች ለወዳጆቼ ጽፌ ነበር። የጂጂ «ባለ ዋሽንቱ» እና «አባይ» አሉበት። የሙሉቀን መለሰ «ሄደች አሉ» አለ። የካሣ ተሰማ ክራር፣ የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ የዓለሙ አጋ በገና፣ የቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» ይከተላሉ። ስምንተኛው ርዕስም ዘፋኝም የለውም። የሰፈራችን ልጃገረዶች ጳጉሜ ላይ እንግጫ የሚባለውን ሣር ሲነቅሉ የሚያዜሙት ነው።

ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ካሴት ቤት ቆሜ ካሴት ስሸጥና ስገለብጥ ነው። የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ ዝርዝርዎ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የቆዩ ናቸው። የዚህ ክረምት አዲስ ዘፈን የት ሄደ?

አዲስ ዘፈን ጠልቼ አይደለም ልጄ። ስልኬ ላይ ሞልቷል። ግን አንድ ፈተና አለኝ፤ የቆርቆሮ ፈተና እለዋለሁ። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ዘፈኑን እከፍታለሁ። ድምፁን አልጨምርም። ካለፈ አለፈ፣ ከወደቀ ወደቀ።

የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሹል ድምፆችን ሁሉ ይውጣል። የከበሮው ሲምባል ይጠፋል። የኪቦርዱ ማጀቢያ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ጩኸት ይሆናል። ብዙ መሣሪያ የተደራረበበት ዘፈን እንዲህ ሲበላ ምንም አይተርፈውም። አንድ ሰው፣ አንድ ክራር፣ ጥርት ያለ ቃል ግን ያልፋል። ካሣ ተሰማ ያለ ምንም አጃቢ ክራሩን ይዞ ሲያንጎራጉር፣ ዝናቡ ራሱ አጃቢ ይሆነዋል። አስናቀችም እንደዚያው ናት። ቲያትር መድረክ ላይ ያደገች ተዋናይ ስለሆነች ቃሉን አታድበሰብሰውም። የምትለው ሁሉ ይሰማል።

ስለዚህ የመረጥኩት በዘመን አይደለም። ዘንድሮ የወጣ ሆኖ ፈተናውን ያለፈ ካለህ ላክልኝ፤ ከልቤ እሰማዋለሁ።

ጥያቄ (ጀርመን የሚኖር የደጀን ልጅ)፦ እዚህ አገር ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የፀሐይ ወራት ናቸው። የወቅቱ ዘፈን ማለት ጭፈራ ነው። እናንተ በዚያው ወር ትዝታ ስትሰሙ አይከብድም?

ወሩ አንድ ነው ወንድሜ፣ ሰማዩ ነው የተለያየው። አንተ ጋ በር ይከፈታል፣ እኛ ጋ ይዘጋል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ሰው ምድጃ ዙሪያ ተሰብስቧል። ገበሬውም ቢሆን ቀኑን ጤፍ ሲዘራ፣ በቆሎ ሲያርም ውሎ ማታ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል። በዚህ ሰዓት ሰው የሚፈልገው የሚያናግረው ዘፈን ነው።

ደግሞ ክረምት ተማሪ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆች አዳዲስ ዘፈን በፍላሽ ይዘው ይገባሉ። ድሮ በካሴት ነበር። እናም ለእኔ ክረምት የናፍቆት ብቻ ሳይሆን የመገናኛም ወቅት ነው። አይከብድም።

ጥያቄ (ከቻግኒ)፦ ጂጂ የእኛ ልጅ ናት፣ ደስ ብሎናል። ግን ከስምንቱ ሁለቱ የእሷ የሆኑት በአገር ልጅነት ነው?

ትንሽ አዎ። አልዋሽም። ቻግኒ ተወልዳ ያደገች ልጅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ባወጣችው አልበም ላይ ቢል ላስዌል አቀናባሪ፣ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫዋች ሆነው ሲገኙ ማን አይኮራም? የጃዝ ታላላቆች ናቸው። ሁለቱም ዘፈኖች ያሉት እዚያው አልበም ውስጥ ነው።

ነገር ግን የመረጥኳቸው ለድምፅዋ ነው። ጂጂ አንድን ቃል ይዛ ስታዞረው የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። «ባለ ዋሽንቱ»ን ስሰማ የሚታየኝ ገሳውን፣ የዝናብ መከላከያውን ለብሶ ከከብቶቹ ኋላ የቆመ እረኛ ነው። እዚህ የምታነብ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ አይተሃል። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ዋሽንት ለሁሉም ዘፈን አይሆንም፤ ስለዚህ ጎበዝ ነፊ ረጅምና አጭር አድርጎ ብዙ ይይዛል። የእናንተው የአዊ አገር ደግሞ ዋሽንት የሚሠራበት የቀርከሃ አገር ነው።

«አባይ» ሌላ ጉዳይ ነው። የጎጃም ሰው ይህን ስም ሲሰማ ጆሮው ቅኔ ይፈልጋል። አባይ ወንዙ ነው። አባይ ደግሞ ዋሾ ነው፤ አባይ ሚዛን፣ አባይ ጠንቋይ እንላለን። አዝማሪ በዚህ አንድ ቃል ስንት ጊዜ ተጫውቶበታል! ወንዙን እያመሰገነ የከዳውን ሰው ይሸነቁጣል። ጂጂ ለወንዙ የምታዜመው በፍቅር ነው። እኔ ግን ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ እኛን ዞሮን የሚሄድ ወንዝ መሆኑን እያሰብኩ ስሰማው፣ ያ ሁለተኛው ትርጉም ከጀርባ ይመጣብኛል። በተለይ ነሐሴ ላይ፣ ደፍርሶ አፈሩን ተሸክሞ ሲወርድ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ልጄ፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። በጾም ዘፈን ትሰማለህ እንዴ?

አልሰማም እማማ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ስለጠየቁኝ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ዘፈኑን እዘጋለሁ። የዓለሙ አጋን በገና ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው።

በገና አሥር አውታር አለው። ያ የሚንሿሿው፣ የሚያጉረመርመው ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ሥር ከምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ስለሆነ ዝናቡ አይነካውም። ቤታችን ውስጥ ሰው እያወራ በገና ሲከፈት ሁሉም ራሱን ቀስ አድርጎ ዝም ይላል። ማንም ዝም በሉ ሳይል። ከቆርቆሮ ፈተናዬ አንደኛ የወጣው እሱ ነው ብል ደስ ይልዎታል?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ መሲንቆ እየተማርኩ ነው። ክረምት ከገባ ወዲህ ድምፁ ታፈነብኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም፣ አይዞህ። የመሲንቆው ሆድ በቆዳ የተወጠረ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል። ከላላ ድምፁ ይደክማል። ፀሐይ ብቅ ስትል አውጣው። ፀሐይ ከሌለ ከምድጃው ራቅ አድርገህ አሙቀው። በጣም አታስጠጋ፤ ቆዳው ድንገት ደርቆ ይሰነጠቃል። የደጋኑን የፈረስ ጭራም እየው። እርጥብ ከሆነ አይዝም፣ ይንሸራተታል። አድርቀህ ዕጣን እሸው። ማታ ደግሞ አፈር ግድግዳ ላይ አትስቀለው። ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲባል እሰማለሁ። እንዴት ነው የምለያቸው?

አራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ልዩነቱ አምስቱ ድምፆች ምን ያህል ተራርቀው እንደተቀመጡ ነው።

ሙዚቃ ትምህርት ከጀመርሽ እንዲህ ያዢው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለሽ ብትዘምሪ ትዝታ ነው። ከእነዚሁ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጊያቸው ደግሞ ያ ሆድ የሚያባባው ትዝታ ይመጣል። የክረምቱ እሱ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ሰፋ ብሎ ይዘላል። አምባሰል ከዶ ተነሥቶ ወዲያው ግማሽ ድምፅ ብቻ ይራመዳል። ለዚህ ነው ገና ሲጀምር አንገት የሚያስደፋው። አንቺሆዬም በዚያችው ግማሽ ድምፅ ይጀምራል፣ ግን መሐሉ ላይ ጠመም ይላል። ለጀማሪ ከባዱ እሱ ነው።

ኖታ ከሌለሽ ግን ሌላ መንገድ አለ። ከእያንዳንዱ ቅኝት አንድ ዘፈን በቃልሽ ያዢ። አዲስ ዘፈን ስትሰሚ ከአራቱ በየትኛው ላይ ማንጎራጎር እንደሚመችሽ ሞክሪ። እኔ የለየሁት እንዲህ ነው፣ ካሴት ቤቱ ውስጥ። ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ሙሉቀን መለሰ ዘፈን ትቶ መዝሙር ገባ። የተወውን ዘፈን መስማት አይከብድህም?

አስቤበት አውቃለሁ። ሰውየው በእምነቱ የወሰነው ነው፣ አከብረዋለሁ። ሙሉቀን ጎጃም የተወለደ፣ ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የቆመ ነው። በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ እዚህ ብዙ ቤት አለቀሰ። ያ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ እናቴ የምትወደው ነበር። «ሄደች አሉ» ሲከፈት የማስበው እሷን ነው። ስለዚህ እሰማዋለሁ።

ጥያቄ (ከአማኑኤል)፦ «ማር እስከ ጧፍ» በመሣሪያ የተሞላ ነው። በአንተው ፈተና እንዴት አለፈ?

ልክ ነህ፣ በመሣሪያው አላለፈም። ያለፈው በታሪኩ ነው፤ ለእሱ ፈተናውን አላልቼለታለሁ።

ዘፈኑ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በሚለው አልበም ወጣ። የተነሣው ከሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሀዲስ የእኛው የጎጃም ሰው ናቸው። መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የእኛን አገር ይዞ ነው የወጣው። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ግን መጽሐፉን በዓይናቸው አላነበቡትም። በጆሯቸው ነው የሰሙት፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ለእነሱ ጎረቤት ናቸው። እኛ ቤት ይህ ዘፈን ሲከፈት አክስቴ ድምፁን ቀንሱት ትልና ታሪኩን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ዘፈኑ አልቆ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ እሷ ገና በመሐል ናት። ሦስት ደቂቃም ይሁን አምስት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያስወራ ዘፈን ከዝርዝሬ አይወጣም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክም ምን ታደርጋለህ?

ሰኔ ሳይገባ ሁሉንም አውርጄ ሚሞሪ ካርድ ላይ እጭናለሁ። ስልኬን ባዶ የሸክላ ገንቦ አፍ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ድምፁ ይወፍራል። ሞክረው። ካሴት ያላችሁ ደግሞ ከግድግዳ አርቁት። እኔ አንድ ሙሉ ካርቶን ጣሪያው አፍስሶ በአንድ ሌሊት ተበላሽቶብኛል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጎጃም እስክስታ አገር ነው። አንድም የሚያስጨፍር የለም?

ጥር ይድረስ! ሰርግ ሲመጣ ሌላ ዝርዝር እጽፋለሁ፤ ትከሻችሁን አዘጋጁ። ክረምት ውስጥ የሚያስጨፍር ካላችሁ ግን ሆያ ሆዬ አለ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮሁ፣ በየበሩ ዱላቸውን እየመቱ ሲዘፍኑ፣ ሙልሙል ሲቀበሉ ዝናቡ ራሱ የደከመው ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከደብረ ወርቅ)፦ ስምንተኛውን፣ የእንግጫውን ዜማ ቀድተህ አታሰማንም?

አምና ሞክሬ ነበር። ጳጉሜ ላይ ልጆቹ ሜዳ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ። ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከበሮ እንኳን ላይኖር ይችላል፤ ጭብጨባ ይበቃል። ስልኬን አውጥቼ ስጠጋ ግን ሁሉም ዝም አሉ። አፈሩ። አንዷ ጋሼ ይሂዱልን አለችኝ። ሄድኩ። ራቅ ስል ዘፈኑ እንደገና ተነሣ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ደመቀ።

ዘንድሮ ለእህቴ ልጅ ነግሬያታለሁ። እሷ ከእነሱ ጋር ናት፣ ስልኩን ከነጠላዋ ሥር ትይዘዋለች። መጀመሪያ ጓደኞቿን ታስፈቅዳለች፤ እሺ ካሉ ቀድታ ታመጣለች፣ እኔም ለሁላችሁም እልካለሁ። እምቢ ካሉ ደግሞ የጳጉሜ 5 ማታ ደብረ ማርቆስ ኑ። ከቤቴ በር ላይ ይሰማል።