ሻምፒዮን ውሻ አለኝ፣ ጎረቤቶቼ ግን ሸሹኝ

ሰላም እቴቴ፣

ደሴ ነው የምኖረው፣ ከጦሳ ተራራ ስር። ብዙ ዓመት ጀርመን ቆይቼ ነው የተመለስኩት። ስመለስ ዕቃዬን ሁሉ ሸጬ ውሻዬን ብቻ ይዤ መጣሁ። ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ወንድ፣ ሰባት ዓመቱ፣ 38 ኪሎ። ስሙ አርጎ ነው። የሰፈሩ ልጆች ግን በመጣ በሳምንቱ ሐረጎ ብለው አወጡለት፣ እሱም በሁለቱም ሲጠሩት ይዞራል።

ስለሱ ሳወራ ሰው ይስቅብኛል። «ውሻ እኮ ነው» ይሉኛል። አንቺ ግን እስኪ ስሚኝ። እዛ አገር የዚህ ዘር ውሻ ካደገ በኋላ ስላማረ ብቻ ከፍተኛውን የቁንጅና ማዕረግ አያገኝም፤ መጀመሪያ የሥራ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ሦስት ነው፤ ዱካ አሽትቶ መከተል፣ መታዘዝ፣ መከላከል፣ እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል። ከብስክሌት ጎን 20 ኪሎ ሜትር መሮጥም አለ። ዳሌው ራጅ ይነሳል። ይሄን ሁሉ አልፎ ነው ዳኛ ፊት የሚቆመው፣ ዳኛውም ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል (ሙሉው 42 ነው)፣ ቁመቱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ይለካል፣ ከዚያ ሲያስሮጡት ጀርባው ይወዛወዝ እንደሆነ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። በመሀል ተኩስ አለ። የበረገገ ውሻ እዛው ላይ አለቀለት። አርጎ ጆሮውን እንኳን አላጠፈም! በመልኩም በሥራውም ሜዳሊያ ያለው ውሻ ነው፤ በሁለቱም የሚሆን ደግሞ ብዙ የለም።

በር ላይ ሳቆመው አንድ የኋላ እግሩን ዘርግቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ሐውልት ነው የሚቆመው። ልጆቹ አጠገቡ ተደርድረው አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ እየዘረጉ ይቆማሉ። በሳቅ ነው የምሞተው።

ሁልጊዜ ሌሊት 11 ሰዓት፣ መንገዱ ጭር ሲል ይዤው ለሩጫ እወጣለሁ፣ ያለ ገመድ። ከጎኔ ንቅንቅ አይልም። ስንመለስ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ካለው ቧንቧ ራሱ ሄዶ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ የሚንጠባጠበውን ሲጠጣ ብታዪው ሰው ነው የሚመስልሽ።

ችግሬ ምን መሰለሽ። በግቢያችን እማማ የምላቸው እናት አሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ቤት በልቼ ነው ያደግኩት። አርጎ ከመጣ ወዲህ ግን ቡና ሲፈላ መምጣት አቆሙ። ውሻውን ሲያዩ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በራቸውን ይዘጋሉ። አንድ ቀን ሜዳሊያዎቹን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። «ማሻአላህ፣ ያሳድግልህ» አሉኝና በሩን ዘጉት። እህቴ ደግሞ «ልጅ ውለድና በልጅህ ኩራ» ትለኛለች። በጣም ነው ያዘንኩት።

ሌላም አለ። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ማታ ማታ መጋዘኑን እንዲጠብቅለት በወር ሊከራየኝ ይፈልጋል፣ ገንዘቡም ደህና ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ከሴት ውሻው ጋር እንዳገናኘው ለምኖኛል። ምን ላድርግ? በውሻ መኩራትስ ነውር ነው?

ባለ ሐረጎው፣ ከደሴ


ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ ቧንቧው ላይ ቀረ። ያ ቧንቧ የግቢው ሁሉ አይደል? እማማ ውዱእ የሚያደርጉበትን፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን ውሃ ከየት የሚቀዱ ይመስልሃል? በሻፊዒ መዝሃብ፣ ከእስልምና የሕግ መንገዶች በአንዱ ማለት ነው፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ዕቃም ቢሆን ልብስም ቢሆን ያው ነው። እንግዲህ የደሴን ብርድ አንተው ታውቀዋለህ፣ በዚያ ሌሊት ውሃው ጣት ይቆርጣል፣ እሳቸው ጀሪካናቸውን ይዘው ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት ሲወጡ ያንተ ሻምፒዮን አፉን ቧንቧው ላይ ደቅኖ ይጠብቃቸዋል። ላንተ ሰው መስሎ ታየህ። ለሳቸው ሶላታቸው ላይ የመጣ ጣጣ ነው። በሩን መዝጋታቸው አይገርመኝም፤ የሚገርመኝ እስካሁን አንድ ቃል ሳይናገሩህ መቆየታቸው ነው። አንተን ላለማስቀየም ይመስለኛል። የወሎ እናት እንዲህ ናት፣ ተቀይማም ትመርቅሃለች።

ስለዚህ ነገ ለአርጎ የራሱ የውሃ ሳህን ይኑረው፣ ከክፍልህ ጀርባ። ቧንቧውን አንተው ራስህ በአፈርና በውሃ እጠበው፣ ሠራተኛ አታሰራ። ከዚያ ሄደህ «እማማ፣ ከእንግዲህ ቧንቧው ጋ አይደርስም» በላቸው። ሜዳሊያውን አትያዝ። ውሻ መያዝ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚል ክርክርም አትክፈት። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያዝ ውሻ በሐዲስ እንደተፈቀደ እሳቸው ካንተም ከኔም በላይ ያውቁታል። ጀበናውን ደግሞ አንተ ውሰድላቸው፣ በንጹሕ ልብስ፣ አርጎን ከጀርባ አስረህ። ወዲያው ካልተመለሱ አብሽር፣ ጊዜ ስጣቸው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። መንገዱ ጭር ይላል ያልከው ሌሊት 11 ሰዓት የሱብሂ ሰዓት ነው እኮ! አባቶች ታጥበው ወደ መስጊድ ይወጣሉ፣ ክርስቲያኑም ነጠላውን አጣፍቶ ለኪዳን ይሄዳል። ከጨለማ ውስጥ 38 ኪሎ ውሻ ያለ ገመድ ብቅ ሲልባቸው ስለ ዳሌው ራጅ የሚያስብ የለም። 12 ሰዓት ተኩል አድርገው፣ በገመድ። ከጎንህ ንቅንቅ እንደማይል አምንሃለሁ። ያንን የሚያውቀው ግን አንተ ብቻ ነህ፣ ገመዱ ለሚያየው ሰው ነው።

የክትባት ነገር በደብዳቤህ ውስጥ የለም። ጥርሱን ቆጥረህ ነግረኸኝ ይሄን መዝለልህ አልገባኝም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። ሰፈርተኛው ውሻ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ይሄ ነው። በየዓመቱ አስከትበው፣ ካርዱንም ሜዳሊያዎቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ ላይ ስቀለው። አጠገቡ የሚደረደሩትን ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አስተምርልኝ፤ የማንም ውሻ ቢነክሳቸው ወይም ቢቧጭራቸው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። ካንተ ከሰሙት አይረሱትም፣ የሐረጎ ጌታ ነህ።

መኩራቱ ነውር አይደለም። ሰው በበሬውም በበቅሎውም ሲኮራ፣ ሲዘፍንላቸውም ነው የኖረው፣ በውሻ ሲሆን ብቻ ሳቅ የሚመጣው ውሻ ስድብ ስለሆነብን ነው። እህትህን ተዋት፣ አንተ ብትወልድም ሌላ ነገር ታገኝብሃለች። እኔን ያሳሰበኝ አርጎ ራሱ ነው። ዱካ ሲከተል፣ ሲታዘዝ፣ 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የኖረ እንስሳ አሁን በር ላይ ቆሞ ይታያል፣ በቃ። እንዲህ ያለ ውሻ ሥራ ሲያጣ ወይ ግቢውን ይቆፍራል ወይ አላፊ አግዳሚውን ይጮህበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጦሳ በኩል ወጣ በሉ። ከልጆቹ አንዱ ሳር ላይ እየረገጠ ሄዶ አሮጌ ጓንት ይጣል፣ ትንሽ ቆይተህ አርጎን ልቀቀው፣ ረጅም ገመድ ላይ አድርገህ። አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ እያንዳንዱን ርምጃ ሲከተል ያየ ልጅ ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚያወራ አስበው። ይሄ ካንተ ሜዳሊያ ማሳየት የተሻለ ይሠራል።

እግረ መንገድህን አማርኛ አስተምረው። ትእዛዙን ሁሉ በጀርመንኛ እንደሚያውቅ እገምታለሁ። «አውስ» ስትለው የያዘውን ይለቃል፣ ጎረቤትህ ግን «ተው!» ብሎ ቢጮህ አይገባውም። «ተው»፣ «ተኛ» እና «ቁጭ በል» ይበቁታል፣ ከጀርመንኛው ጋር አያይዘህ ብትደጋግምለት እንደሱ ያለው ቶሎ ይይዛል። ይሄን ግቢው ሁሉ እንዲያውቀው አድርግ።

የማገናኘቱን ነገር በአጭሩ፤ የሴቷም ዳሌ በራጅ ይታይ። የዳሌ መላላት ከወላጅ ወደ ቡችላ የሚሄድ ነገር ነው፣ ያንተ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ባለቤቱ ለራጅ እሺ ካላለ አንተም እሺ አትበል።

የኮምቦልቻው ነጋዴ ግን አልተመቸኝም። ከደሴ ብርድ አውጥተህ፣ ያንን ድርብ ጸጉር አልብሰህ ወደ ሙቀቱ ታወርደዋለህ፣ እሱም በሰንሰለት አስሮ ማታ ማታ ሌባ ጠብቅ ይለዋል። አርጎ የተማረው አሰልጣኝ የሚለብሰው ወፍራም እጅጌ ላይ በትእዛዝ መንከስና በትእዛዝ መልቀቅ ነው። አዛዡ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ደሴ ተኝተሃል። አንድ ምሽት የቀን ሠራተኛው ስልኩን ረስቶ ቢመለስስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ በድንገት አምልጦም ቢሆን። የወር ኪራዩ ደህና ነው ብለሃል፤ ከዚህ ጋር አስላው። ለነጋዴው ዘበኛ ቅጠር በለው።