ኤች-ኢንዴክሴ (ጽሑፎቼ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካው ቁጥር) በጉግል ስኮላር 14፣ በስኮፐስ 9 ነው፤ ሲቪዬ ላይ የቱን ልጻፍ?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ለይተው ካልጠየቁህ ሁለቱንም ጻፍ፤ ከየት እንደወሰድከውና ቀኑን ግን አትርሳ።

ሁለቱም የጥናት ጽሑፎችንና ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚመዘግቡ ድረ ገጾች ናቸው፤ ልዩነቱ ከሚቆጥሩት ነገር ነው። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ ገና ያልታተመውን ረቂቅም ይለቅማል። ስኮፐስ በዋናነት መርጦ ያስገባቸውን መጽሔቶች፣ መጻሕፍትና የጉባኤ ጽሑፎች ይቆጥራል።

ኤች-ኢንዴክስ 9 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 9 ጊዜ የተጠቀሱ 9 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው። ከእነሱ አንዱ 2,000 ጊዜ ቢጠቀስም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አዲስ ዘዴ ያፈለቀ ስታቲስቲሺያን እዚህ ላይ ይጎዳል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካለህ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ለብቻው አሳይ።

ብቻ መጀመሪያ የጉግል ስኮላር ፕሮፋይልህን አጽዳ። እኔ ጽሑፎች በራሳቸው እንዲገቡ ፈቅጄ ትቼው፣ የሞክሼዬ የሕክምና ጥናቶች ተደባልቀውብኝ ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ አንዱ ስጠየቅ ላብ በላብ ሆንኩ።