«የላም በረት» የሚል ካለ ተረቱ ይሄዳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በኮንዶሚኒየማችሁ የተረት ምሽት ልትጀምሩ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ አለ፣ ዓይነ ስውር አባት አሉ፣ እናትሽም መርሳት ጀምረዋል። «ይህን ሁሉ ሰው እንዴት አንድ ላይ ማስደሰት ይቻላል?» ነው ያልሽው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ምሽት ለዓመታት ስንሰበሰብበት ቆይተናል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ጎበዝ ተረት አዋቂ ፍለጋ አትድከሚ። የኛ ተረት ተቀባይ ይፈልጋል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ከሌለ ተረቱ አይሞቅም። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ ልጆቹ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ያህል ነበር የሚያነጋግሯቸው። አንቺም ቀድመሽ የምታስቢው የተቀባዩን ነገር ይሁን። ኮሚናሉ (የጋራ መሰብሰቢያ ቤታችሁ) ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በየአቅሙ የሚቀበልበት መንገድ ካገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ከልጁ ልጀምር። «ተረት ተረት» እና «የላም በረት» በምልክት ቋንቋ እንዴት እንደሚባሉ ራሱ ያሳያችሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው በአፉም በእጁም ይመልስ። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው። ትልልቆቹ መጀመሪያ ላይ አፈሩ፤ ልጆቹ ግን ወዲያው ነው የያዙት። በምልክት ቋንቋችን የእጅ ፊደልም አለ። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግርሻል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሳልስ ይለይልሻል። ሀ ሁ ሂ በመማር ላይ ያሉ ሕፃናት ይህን ሲያዩ ስማቸውን በእጅ ካልጻፍን ብለው አስቸገሩን። ያን ምሽት ተረቱ ዘገየ፤ ግን መምህራችን ልጁ ነበርና ማንም አልቸኮለም።

አስተርጓሚውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ልጁ እህት ወይም ወንድም ካለው ሁልጊዜ እነሱ እንዲያስተረጉሙ አታድርጊ። እነሱም ልጆች ናቸው፤ ቁጭ ብለው ፈንዲሻቸውን እየበሉ መስማት ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹን ጠይቂ። ተረቱን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሲያስተረጉሙም ጥግ ላይ አይቁሙ፤ ከሚያወራው ሰው ጎን ይሁኑ፣ ብርሃኑም ፊታቸውና እጃቸው ላይ ይረፍ። መብራት ሲጠፋ ሌሎቻችን ጨለማ ውስጥም እንሰማለን፤ እሱ ግን ተረቱ በመሃል ይቆረጥበታል። ሻማ ለእሱ አይበቃውም። ቻርጅ የተደረገ ጠንካራ ባትሪ ሁልጊዜ አጠገብሽ ይኑር።

ዓይነ ስውሩ አባት ዘንድ ችግሩ የኛ ልማድ ነው። «አያ ጅቦ እንዲህ አደረጋት» ብለን በእጃችን እናሳይና ዝም እንላለን። ሕፃናቱ ይስቃሉ፣ እሳቸው ምን እንደተደረገ አያውቁም። «ጆሮዋን ይዞ ጎተታት» ማለት ምንም አይከብድም። ሲጀመር ደግሞ ሁሉም ከተቀመጠበት ስሙን ይናገር፤ ማን የት እንዳለ ያውቃሉ። ከዚያ በላይ ግን እሳቸው ራሳቸው ያውሩ። የኛ ሰፈሩ አባባ የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ሲያመጡ ከወጣቱ ጀምሮ ማንም ስልኩን አይነካም። ሰም እና ወርቁን ሳይፈቱ ያቆዩትና «እስቲ የገባው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዴ መልሱ ሳይገኝ ሳምንት ያድራል።

ያልጠየቅሽኝንም ልጨምር። ኮሚናላችሁ ምድር ላይ ነው? ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። በዊልቸር የሚሄድ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃው ቤት ውስጥ ያስቀረዋል። እኛ ጋ ከላይኛው ፎቅ መውረድ ያቆሙ እማማ ነበሩ። ልጆቹ ተሸክመን እናውርድዎት ሲሏቸው አልፈለጉም። ትክክል ናቸው፤ ሰው እንደ ዕቃ መውረድ አይፈልግም። በስልክ ደወልንላቸውና ድምፁን ከፍ አድርገን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። የስንዝሮን ተረት ከአልጋቸው ላይ ሆነው ጀመሩልን። እታች «የላም በረት» ሲባል በስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተራቸው ሲደርስ እሳቸው ናቸው ቀድመው ሚስኮል የሚያደርጉት።

ጩኸት የሚከብዳቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም ሊመጡ ይችላሉ። ከበሮ ወይም ጭብጨባ ሊኖር ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። በሩ አጠገብ ባዶ ቦታ ተዪ። ልጁ ተነስቶ ቢዞር፣ ወጥቶ ቢመለስ ማንም እናትየዋን ገልመጥ እንዳያደርጋት። ይህን በመጀመሪያው ምሽት በግልጽ ብትናገሪ ጥሩ ነው፤ ብዙ እናቶች ከቤት የማይወጡት በዚያ ግልምጫ ምክንያት ነው።

እንቆቅልሽ ላይ ጠንቀቅ በይ። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ድረስ ደስ ይላል። ካልታወቀ «አገር ስጠኝ» ይመጣል፤ አገር የተሰጠው ሰው ደግሞ ያልመለሰውን እንደልቡ ይዘልፈዋል። እኩዮች መሃል ጨዋታ ነው። ቶሎ መመለስ ለሚቸግረው ልጅ ግን ሰው ፊት መዋረድ ነው። እኛ ሁለት ቡድን ሆነን ነው የምንጫወተው፤ አገሩን ቡድኑ ተመካክሮ ይሰጣል፣ ዘለፋው ቀርቷል። ሐረርን እንስጥ፣ ጅማን እንስጥ የሚለው ክርክር ራሱ ጨዋታ ሆኗል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው?» ተብሎ፣ ቃል አውጥቶ የማይናገር ልጅ ወደ ውሃው ጀሪካን ጠቆመ። ወራጅ ውሃ ነው መልሱ! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ለመመለስ የግድ መናገር እንደማያስፈልግ ያኔ ሁላችንም ገባን። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች ካሏችሁ ሂቦም (የኦሮምኛ እንቆቅልሽ) ይጠይቁ፤ አንድ ሰው ይተርጉም፣ ምሽቱ ይሰፋል።

ተረቱ ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባል የለ? እኛ ዳቦውን የእውነት እንቆርሳለን። ድፎውን በየተራ አንድ ቤት ይጋግራል። የሚያዞረው ዳውን ሲንድረም ያለበት ወጣት ጎረቤታችን ነው። መጀመሪያ ለተረተው ሰው፣ ከዚያ ለአረጋውያን፣ ከዚያ ለልጆች፤ ሥርዓቱን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ማንም ቢለምነው ተረቱ ሳያልቅ አይቆርስም። በየምሽቱ እንዲህ ያለ የታወቀ ኃላፊነት ለሰው ስጪ። የክብር ወንበር ከመስጠት ይበልጣል።

ቀረጻ አትፍቀጂ። ይህን ስል ከልቤ ነው። የሰው ልጅ፣ የሰው እናት ለቲክቶክ አይሰበሰቡም። አንድ ስልክ ከተደገነ አረጋውያኑ ያፍራሉ፣ ወላጆችም በሚቀጥለው ልጃቸውን ይዘው አይመጡም።

ስለ እናትሽ ደግሞ አትስጊ። ትናንት ምሳ ምን እንደበሉ የሚረሳቸው ሰው የልጅነታቸውን ተረት ከነዜማው ሊያወጡት ይችላሉ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። «እማዬ፣ ያንን ተረት ታስታውሺዋለሽ?» ብለሽ ግን ሰው መሃል አትጠይቂያቸው። ፈተና ይሆንባቸዋል። አንቺ «ተረት ተረት» ብለሽ ጀምሪና እሳቸው የሚያውቁት ቦታ ስትደርሺ ቀስ በይ። ከያዙት ይያዙት፤ ካልያዙት አንቺው ቀጥይ። ተረቱን ከሌላ ተረት ጋር ቢያደባልቁት፣ ጦጣዋ በመሃል ቀበሮ ብትሆን፣ ማንም እንዳያርማቸው ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪ። ደግመው ቢያወሩትም እንደገና «የላም በረት» ይበሉላቸው። ሲመሽ ግራ የሚገባቸው ከሆነ የመጀመሪያው ተራ የእሳቸው ይሁን። መደገፊያ ያለው ወንበር ስጫቸው፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ሲደክማቸው ይዞ የሚያስገባቸውን ሰውም ከወዲሁ ወስኑ። የኮሚናሉን በር ቁልፍ ጉዳይ ደግሞ ከኮሚቴው ጋር ዛሬውኑ ጨርሺ፤ እኛን ብዙ ያንከራተተን እሱ ነበር።