ለሆትስፖት የሚበቃ ኃይል አቅራቢ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአማተር ሬዲዮ ሆትስፖቴ (የእጅ ሬዲዮዬን በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መሣሪያ) የሚሠራው ራስፕቤሪ ፓይ 3 በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ጸጥ ባለ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል፤ ውይይት ሲበዛ ግን ድንገት ጠፍቶ ይነሳል። ቻርጀሩ 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል። የተበላሸው የሬዲዮ ቦርዱ ይሆን?

መልስ፦ ቦርዱን ለመጠርጠር ገና ነው። እንዲህ ያለው ቦርድ የሚያሰራጨው 10 ሚሊዋት አካባቢ ብቻ ስለሆነ ዋናው ኃይል ወሳጅ ፓይው ራሱ ነው፤ ፕሮሰሰሩና ዋይፋዩ አንድ ላይ ሲጠመዱ የሚፈልገው ኃይል ለቅጽበት ከፍ ይላል። ለፓይ 3 የሚመከረው 2.5 አምፒር በመሆኑ ቻርጀርዎ ያንሳል። ይሁንና እኔ ከቻርጀሩ በፊት ኬብሉን እጠረጥራለሁ። ብዙ ቀጫጭን የዩኤስቢ ኬብሎች የኃይል ሽቦዎቻቸው 28 ጌጅ ናቸው (የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል)፤ መሄጃውና መመለሻው ሽቦ ሲደመር የአንድ ሜትር ኬብል ሬዚስታንስ 0.43 ኦም ያህል ስለሚሆን፣ 1 አምፒር ሲያልፍ 0.43 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ቢወጣም ፓይው ዘንድ የሚደርሰው 4.57 ቮልት ብቻ ነው፤ ፓይ 3 ደግሞ ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ የማነስ ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል። በዚያው ርዝመት ባለ 20 ጌጅ ኬብል የሚቀረው 0.07 ቮልት አይሞላም። ስለዚህ አስቀድመው አጭርና ወፍራም ኬብል ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ለፓይ ተብሎ የተሠራውን፣ 5.1 ቮልት የሚያወጣውን ባለ 2.5 አምፒር አቅራቢ ይግዙ።

ጥያቄ፦ የእኔ ፓይ ዜሮ (ትንሹ የፓይ ዓይነት) ማስጠንቀቂያ አሳይቶ አያውቅም። ኃይሉ በቂ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፓይ ዜሮ የቮልቴጅ ማነስን የሚለይ ክፍል ስለሌለው ዝምታው ማስረጃ አይሆንም። በመልቲሜትር መለካት ይኖርብዎታል፤ የሬዲዮ ቦርዱ ፒኖቹን ከላይ ስለሚሸፍን፣ በፓይው ጀርባ ባሉት የብየዳ ነጥቦች ላይ በ5 ቮልቱና በግራውንዱ (በኔጌቲቩ) መካከል፣ ሆትስፖቱ እያሰራጨ ሳለ ይለኩ። እባክዎ እጅዎን ያጽኑ፤ ከ5 ቮልቱ አጠገብ የ3.3 ቮልቱ ነጥብ አለና የመለኪያው ጫፍ ሁለቱን ካገናኘ ፓይው ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለ 5 አምፒር አቅራቢ ሆትስፖቱን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አይጎዳም። አምፒሩ አቅራቢው ሊሰጥ የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ሆትስፖቱ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። መጠንቀቅ ያለብን ለቮልቱ ነው።

ጥያቄ፦ ለጉዞ ፓወር ባንክ ገዛሁ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል።

መልስ፦ አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚወሰደው ኃይል ሲያንስባቸው ስልኩ ሞልቷል ብለው ይዘጋሉ፤ ባለ ፓይ ዜሮ ሆትስፖትም እጅግ ጥቂት ስለሚወስድ ለዚህ ይጋለጣል። ለአነስተኛ ጭነት የሚሆን አሠራር ያለውን ይምረጡ። በመኪና የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሞተር ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ለአፍታ ስለሚወርድ፣ ሆትስፖቱን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይሰኩት።

ጥያቄ፦ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ሚሞሪ ካርዱ ለምን ይበላሻል?

መልስ፦ ሲስተሙ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከጠፋ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ የተነካው ለመነሳት የሚያስፈልግ ፋይል ከሆነ ሆትስፖቱ ከነጭራሹ አይነሳም። እኔ ሁለት ካርዶች እንዲህ ካጣሁ ወዲህ የተስተካከለውን ሲስተም ቅጂ በሌላ ካርድ ላይ አኖራለሁ፤ ገመዱንም የምነቅለው ከሆትስፖቱ የመቆጣጠሪያ ድረ ገጽ ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጥቼ የፓይው አረንጓዴ መብራት መብረቅረቁን ካቆመ በኋላ ነው።