«ድኅነት» ወይስ «ድህነት»?

ጥያቄ፦ ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ «መሲሑ የመጣው ለድህነታችን ነው» የሚል ሸራ ተሰቅሎ አየሁ። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ «ድኅነት ተብሎ መጻፍ ነበረበት» አለኝ። እኔ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ለውጥ የለውም ባይ ነኝ። ማንኛችን ልክ ነን? (አንባቢ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። የሦስቱ ሆሄያት ድምፅ አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ «ሐሳብ»ን በሃሌታው «ሀ» ቢጽፉት ትርጉሙ አይናጋም። እዚህ ያሉት ግን ሁለት ቃላት ናቸው። «ድኅነት» ከግእዙ «ድኅነ» ማለትም «ዳነ» የወጣ ሲሆን መዳን ማለት ነው። «ድህነት» የድሀ ኑሮ ነው፤ ማጣት። መለያው ቢጠፋብዎ «መድኃኒት»ን ያስታውሱ። ፒያሳ ባሉት የመድኃኒት ቤት ታፔላዎች ላይ የምትታየው «ኃ» የ«ድኅነት» «ኅ» ዘመድ ናት፤ ሁለቱም ቃላት ሥራቸው አንድ ነው። በሉቃስ ወንጌል (2፥11) በዳዊት ከተማ የተወለደው ሕፃን «መድኃኒት» የተባለውም ከዚሁ ሥር ነው።

የሸራው ነገር ከፊደል ግድፈት አልፎ ያሳስበኛል። «ይህ ሽሮፕ ለሳል ነው» ስንል ሳልን ያጠፋል ማለታችን ነው። «ለድህነታችን» የሚለውን ያነበበ መንገደኛም፣ መሲሑ ችግራችንን ሊያስወግድ እንደመጣ አድርጎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ሕዝቡ የጠበቀውም እንዲህ ያለ መሲሕ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለ5,000 ወንዶች ከበቃ በኋላ በግድ ሊያነግሡት ፈለጉ፤ እርሱ ግን ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ። በማቴዎስ ወንጌል (1፥21) መልአኩ ለዮሴፍ የነገረው ዓላማ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ማዳን ነው፤ ሮምንም ረሀብንም አላነሣም። የተራበን ማብላት ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ በፍርድ ቀን የምንጠየቅበት መሆኑን ያስተማረው ራሱ ነው።

ወንጌላውያን «ድነት» ማለትን ያዘወትራሉ፤ ከአማርኛው «ዳነ» ስለተበጀ ለዚህ መምታታት አይጋለጥም። በኦርቶዶክሳውያን ጽሑፍ የተለመደው «ድኅነት» ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ።

አራሚዎች ግን 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥9 ላይ ይጠንቀቁ። ሐዋርያው እዚያ የሚለው፣ ክርስቶስ ሀብታም ሳለ ስለ እናንተ ድሀ ሆነ፤ እናንተም በእርሱ ድህነት ባለጠጎች ትሆናላችሁ ነው። ይህን «ድህነት» በብዙኃኑ «ኀ» ላርመው ያለ ሰው የጥቅሱን ምስጢር ያጠፋዋል።