ፖስታውን ቆይታችሁ ክፈቱት፦ ለጀማሪ ፊዚዮቴራፒስቶች

ልጆቼ፣ ወገቡን ይዞ የሚመጣ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ በብብቱ ትልቅ የኤምአርአይ ፖስታ ሸጉጧል። ገና ሳይቀመጥ ያቀብላችኋል። «ዲስክህ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ተንሸራቷል ተብያለሁ» ይላችኋል። ፖስታውን ተቀበሉት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ስሙት።

ይህን የምላችሁ ከራሴ ጥፋት ስለተማርኩት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት መጡ። እንጀራ ሲጋግሩ ወገባቸው ተይዟል። ፖስታውን ከፍቼ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳሁና፣ «እማማ፣ አጥንትዎ አልቋል፤ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሱ» አልኳቸው። ለእሳቸው አስቤ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሪደር ላይ ተገናኘን። የልጃቸው ልጅ ቀሚሳቸውን ይዛ ቆማለች። «ከተወለደች ጀምሮ አቅፌያት አላውቅም፤ እንዳላነሳ ከልክለኸኝ የለ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ለቋቸው ነበር። የኔ ቃል ግን አልለቀቃቸውም።

ፊልሙ አልዋሸም። አነባበቤ ነው የተሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ጥንቅር፣ ወገባቸውን የማያማቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ይዞ ነበር። በ20 ዓመታቸው ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመታቸው ካሉት 96 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ታይቷል። ምንም ሳያማቸው! ዛሬ ለታካሚዬ፣ «ፀጉርዎ እንደሸበተ ዲስክዎም ሸብቷል፤ ሽበት በሽታ አይደለም» እላለሁ።

ስትመረምሩ አትቸኩሉ። «ኩላሊቴን ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» የሚል ብዙ ነው። አታጣጥሉበት። ሲያጎነብስና ሲነሳ ሕመሙ ይለዋወጣል? ሽንቱ ያቃጥለዋል? ያተኩሰዋል? እነዚህን ብቻ መጠየቅ ብዙ ያሳያችኋል። ቀጥሎ በእግር ጣቶቹ ቆሞ ይራመድ፣ ከዚያ በተረከዙ። የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ሲያነሳ በእጃችሁ ተጫኑት፤ ከሰነፈ አምስተኛውን የወገብ ነርቭ ጠርጥሩ። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ጉልበቱ ሳይታጠፍ አንሱለት። ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም ከተቀሰቀሰ ነርቭ ሳይነካ አይቀርም። ከመቶ ዘጠና በሚሆኑት ታካሚዎች ግን «ጥፋቱ ይሄ ነው» የሚባል ቦታ አታገኙም። ያንን በግልጽ መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ሽንት እምቢ ያለው ወይም የሚያመልጠው፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ የደነዘዘው፣ ወይም ሁለት እግሩ የከዳው ሰው ከመጣ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አታቆዩት፤ ሆስፒታል ላኩት። የአከርካሪ ቲቢም አለ። የከሳ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ተኝቶም ሕመሙ ፋታ የማይሰጠው ሰው ወገቡን ከማሸታችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዌሊንግተን ውስጥ ኒውዚላንዳዊው ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ አንድ ታካሚ በሆዱ ተኝቶ እንዲጠብቀው ነግሮ ወጣ። የአልጋው ራስጌ ከፍ እንዳለ ነበር። ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ተኛ። ማኬንዚ ሲመለስ ደነገጠ። ታካሚው ግን እግሩ ላይ የነበረው ሕመም እንደለቀቀው ነገረው። ከዚያ አጋጣሚ የወጣውን ትምህርት እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ፦ ሕመሙ ከእግር ተነስቶ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ መንገዱ ጥሩ ነው፤ ወገቡ ለጊዜው ቢጠዘጥዝም። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። አለበለዚያ «ባሰብኝ» ብሎ ሳይመለስ ይቀራል።

እኛ ስንጀምር «ተኛ» ማለት ሕክምና ነበር። መሬት ላይ አንጥፎ ሳምንታት የሚተኛ ስንቱን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ሁለት ቀን ብቻ ተኙ የተባሉት ሰባት ቀን ከተባሉት ይልቅ ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ አነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ትምህርትና እንቅስቃሴን ደግፎ፣ መጎተቻው፣ የወገብ ቀበቶው፣ አልትራሳውንዱና ቴንሱ (በቆዳ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማሽን) በመደበኛነት እንዳይሰጡ መክሯል። ታካሚው ማሽን ካላሰካችሁለት ያልታከመ ሊመስለው ይችላል። ታግሳችሁ አስረዱት።

በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ አባት መጡ። ስለ ሕመሙ ብዙም አላወሩ። «ለስቅለት መስገድ እችላለሁ?» ብቻ ነው ያሉት። ሰባት ሳምንት ነበረን። መጀመሪያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ቀጥሎ በጉልበታቸው ተንበርክከው እጃቸውን አልጋው ላይ ማሳረፍ። ከዚያ በርጩማ ላይ። ከዚያ መሬት። አምስት ጊዜ፣ አስር ጊዜ፣ ሃያ። ሲያማቸው ቁጥሩን ቀነስን እንጂ አላቆምንም። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጠው ቀርተው ስልክ ደውዬ መለስኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ መጡ። ሱሪያቸውን ሰብስበው የተላጠ ጉልበታቸውን አሳዩኝ፤ ቅባት እንዳለኝ ጠየቁኝ። «ወገብዎስ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ውይ፣ እሱን እኮ ረሳሁት» አሉ።