«ታሪፍ ስለመጣ 1,900 ዩሮ ጨምሪ» ተባልኩ፤ መክፈል አለብኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት አቅራቢያ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ አውቶቡስ የለም። ስለዚህ በማርች 2025 ቻይና የተሠራች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አዘዝኩ። ዋጋዋ 18,990 ዩሮ ነው፤ 1,000 ዩሮ ቀብድ ከፍያለሁ። በ3 ወር ትደርሳለች ብለውኝ ነበር። ኦገስት ላይ ደወሉና «በቻይና መኪና ላይ ታሪፍ ስላለ 1,900 ዩሮ ጨምሪ፤ ካልሆነ ይሰረዛል» አሉኝ። ልክፈል? ቀብዴስ? ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ የሚነግደው ወንድሜ ደግሞ «ተያቸው፣ እኔ ከዚህ በርካሽ እልክልሻለሁ» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አይክፈሉ፤ ምንም ወረቀትም አይፈርሙ። የላኩልኝን ውል አይቼዋለሁ። ሻጩ ጭማሪውን ሊጠይቅዎት አይችልም።

መጀመሪያ ስለ ታሪፉ። የአውሮፓ ኅብረት ቻይና ውስጥ በሚሠሩ አዳዲስ የባትሪ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ የጣለው የቻይና መንግሥት አምራቾቹን ይደጉማል ብሎ ነው። ከመደበኛው 10 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ በላይ ከቻይና አምራቾች ለቢዋይዲ 17 በመቶ፣ ለጂሊ 18.8 በመቶ፣ ለሳይክ 35.3 በመቶ ይታሰባል። ሻንጋይ ለሚሠራው ቴስላ 7.8 በመቶ ነው። ቀረጡ የሚከተለው መኪናዋ የተሠራችበትን አገር እንጂ ፊቷ ላይ ያለውን አርማ አይደለም። ዳቺያ ስፕሪንግ የምትባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና የአውሮፓ ስም ይዛ ቻይና ስለተሠራች አላመለጠችም። ትንሽ መኪና ላይ ደግሞ ትርፉ ቀድሞም ቀጭን ስለሆነ ሻጮች ቶሎ ይጨነቃሉ። ያንን አልክድም።

አሁን ቀኑን ይመልከቱ። ይህ ቀረጥ ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 30 ቀን 2024 ነው። እርስዎ የፈረሙት ማርች 2025 ላይ ነው። ሻጩ 18,990 ብሎ ሲጽፍ ታሪፉ አምስት ወር ሊሞላው ነበር። «ድንገት መጣብን» የሚለው ወሬ ውሃ አይቋጥርም።

ሌላው፣ የጉምሩክ ዕዳው የማን ነው? ዕቃው እንዲገባ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ የሚያቀርበው አስመጪ ነው። እርስዎ ወደብ ላይ ስምዎ የለም። ሻጩ ከአስመጪው ጋር ያለውን ሂሳብ እዚያው ይጨርስ። ከእርስዎ ጋር ያለው ውል የሚያውቀው ዋጋ 18,990 ብቻ ነው፤ እሱም ተጨማሪ እሴት ታክሱን ይጨምራል።

«ግን ከውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ዋጋ ሊለወጥ ይችላል ይላል» ብለውኛል። አዎ፣ ይላል። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 309 ቁጥር 1 ግን ነገሩን ቆርጦታል። ዕቃው ከውሉ በኋላ በ4 ወር ውስጥ ሊሰጥ የታሰበ ከሆነ፣ አስቀድሞ በታተመ የውል ፎርም ዋጋ ልጨምር የሚል ሐረግ አይጸናም። የእርስዎ ቀጠሮ 3 ወር ነበር። ሻጩ ራሱ አዘግይቶ አምስተኛው ወር መግባቱ አይጠቅመውም፤ የሚቆጠረው በውሉ የታሰበው ጊዜ ነው። ከ4 ወር በላይ ለሚያዝዙ ሌሎች አንባቢዎችም ቢሆን በሩ ወለል ብሎ ክፍት አይደለም። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት (ቡንደስጌሪሽትስሆፍ) ገና በ1981 «በርክክቡ ቀን ባለው ዋጋ» የሚለውን የመኪና ሻጮች ሐረግ ሽሮታል።

ትልቁን አደጋ ልንገርዎ። አንድ ደንበኛዬ ሾውሩም ተጠርቶ ሄደ። ቡና ቀረበለት። «ለሥርዓቱ ያህል» ተብሎ አዲስ የትዕዛዝ ቅጽ ተሰጠው፤ ከላይ የድሮው ቁጥር፣ ከታች አዲሱ ዋጋ። ፈረመ። እኔ ዘንድ ሲመጣ የድሮው ውል በስምምነት ተተክቶ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል። «ፈርትራግስአውፍሄቡንግ» (ውል በስምምነት ማፍረስ) ወይም አዲስ «ቤሽቴሉንግ» (ትዕዛዝ) የሚል ወረቀት ካዩ እስክሪብቶውን መልሰው ቤትዎ ይሂዱ።

ይልቅ ደብዳቤ ይጻፉ። በስልክ አይከራከሩ። በአይንሽራይበን (በአደራ ፖስታ) ይላኩት፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። የውሉን ቀን፣ ዋጋውን እና አንቀጽ 309 ቁጥር 1ን ይጥቀሱ። መኪናዋን በ2 ሳምንት ውስጥ በተስማማንበት ዋጋ አስረክቡኝ ይበሉ። ቀኑን በቁጥር ይጻፉት። ጊዜው ካለፈ ምርጫው የእርስዎ ነው፤ በውሉ መጽናት ይችላሉ፣ ወይም ውሉን ትተው ገንዘብዎን መቀበል። ተመሳሳይ መኪና ሌላ ቦታ በውድ ከገዙ ልዩነቱን በካሳ ይጠይቃሉ።

መኪናዋ ለሌሊት ሥራው የግድ ከሆነችና መጠበቅ ካልቻሉስ? ያኔ ጭማሪውን «ኡንተር ፎርበሃልት» ብለው፣ ማለትም መብቴን ጠብቄ ነው ብለው በጽሑፍ አሳውቀው ይክፈሉ። ከዚያ ይመለስልኝ ብለው ይጠይቃሉ። እንደሌለብዎት እያወቁ ዝም ብለው ከከፈሉ ግን ማስመለሱ በጣም ይከብዳል።

ስለ ቀብዱ። እኛ አገር ቀብድ የተቀበለ ውሉን ከተወ እጥፍ ይመልሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 ነው። እዚህ የከፈሉት «አንፃህሉንግ» ግን እንደዚያ አይደለም፣ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ሻጩ ካላስረከበ 1,000 ዩሮዎ ሙሉው ይመለሳል። እጥፍ ግን አይጠብቁ።

ወንድምዎን አመስግነው ይተዉት። እሱ ከላከ አስመጪዋ እርስዎ ይሆናሉ፤ ያ ሁሉ ታሪፍ በቀጥታ እርስዎ ላይ ያርፋል። መኪናዋ ሐምቡርግ እስክትደርስ ከነማጓጓዣዋ 10,000 ዩሮ ፈጀች እንበል። መደበኛው ቀረጥ 1,000 ነው። ዝቅ ያለውን ተጨማሪ ቀረጥ ለማግኘት አምራቹ በደረሰኙ ላይ የሚሰጠው መግለጫ ያስፈልጋል። ከገበያ የተገዛች መኪና ያ ወረቀት ስለማይኖራት 35.3 በመቶ፣ ማለትም 3,530 ይጨመራል። በጠቅላላው 14,530 ላይ 19 በመቶ ታክስ ሲመጣ 2,760.70 ነው። ድምሩ 17,290.70 ዩሮ። ገና ታርጋ የላትም። ለአውሮፓ ገበያ ያልተሠራች ከሆነ ደግሞ የነጠላ መኪና ፈቃድ ለማግኘት ምርመራ ማለፍ አለባት፤ ሳታልፍም ልትቀር ትችላለች።

የጠበቃ ክፍያ ካሳሰብዎት፣ ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ በአካባቢዎ ያለው አምትስጌሪሽት (የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ሄደው «ቤራቱንግስሂልፈሻይን»፣ ማለትም የሕግ ምክር ድጋፍ ወረቀት ይጠይቁ። ያንን ይዘው ጠበቃ ቢያማክሩ ከእርስዎ የሚጠየቀው 15 ዩሮ ነው። የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውልና የባንክ መግለጫ ይያዙ። ከመኪናው ጉዳይ ደግሞ ትዕዛዙን፣ የሻጩን የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ የ1,000 ዩሮውን ደረሰኝና የደወሉበትን ቀንና ሰዓት የጻፉበትን ማስታወሻ። ማስታወሻውን ካልጻፉ ዛሬ ማታ፣ ሳይረሳዎት ይጻፉት።